በቱቦው ውስጥ የዞረችው

የካቲት 4፣ ሰኞ

አዲሶቹ አይጦች ዛሬ ገቡ። ነጮች፣ ጤነኞች፣ መንገድ ያደከማቸው። ውሃ ጠጡና አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተኙ። ጅራታቸው ላይ በማይለቅ ቀለም አሰመርኩ፤ ባለ አንድ መስመር፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት እያልኩ። ስም አይወጣላቸውም። ስም የወጣለትን መመዘን ይከብዳል።

ዶክተሯ ሰብስባ ነገረችን። የሚሞከረው የፋብሪካ ፈሳሽ ነው። ተንኖ ካየር ይደባለቅና አይጦቹ ለአራት ሰዓት ይተነፍሱታል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት እያየናቸው እንቆያለን። ማን እንደላከው አይነገረንም። የሚጠራው በፊደልና በቁጥር ነው። የሥራውን ነገር ደጅ እንዳናወራም ፈርመናል።

መካኒኩ፣ «በቁጥር የሚጠራ ነገር ደግ ሆኖ አያውቅም» አለ። ይህን ሰው ሁላችንም ሹክሹክታ ነው የምንለው። ዕድሜውን ከፓምፕ ጎን ስለጨረሰ ሲያወራ ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ማለማመድ ጀመርን። ቱቦዎቹ የጠርሙስ ያህል ናቸው፣ ውስጣቸው ወለል ብሎ የሚታይ ፕላስቲክ። አይጧ በሰፊው በኩል ትገባለች፣ አፍንጫዋ በጠባቡ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ከኋላዋ ማቆሚያው ይገፋል። ማቆሚያው ጥርስ ጥርስ አለው። እንዳትዞር ይጠብቃል፣ እንዳትታፈን ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። ልኩ የሚገኘው በእጅ ነው። በሙከራው ቀን ቱቦዎቹ በብረት ዓምድ ዙሪያ ይሰካሉ። ትነቱ የሚመጣው በዓምዱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ጅራት ሁሉ ወደ ውጭ።

ባለ ሁለት መስመሯ ከሌሎቹ ታንሳለች። ቱቦ ውስጥ ስትገባ ትንቀጠቀጣለች። ማቆሚያውን በአንድ ጥርስ አላላሁላት፤ ዝም አለች።

የካቲት 8፣ ዓርብ ማታ

ታናሼ ዘግይታ ገባች። እናታችን ስትሞት የእኔን ቀሚስ ጫፍ ይዛ የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አሁን ከላይ ወደ ታች ነው የምታየኝ። ፍራሽ ፋብሪካ ከገባች ወራት ሆኗታል። ሙጫ ክፍል ናት፤ የስፖንጁን ንጣፍ በሙጫ እየረጩ ያጣብቃሉ። ስትገባ ሁልጊዜ ወሬ ይዛ ነው።

«እትዬ፣ ዓይኔን እዪልኝ። ቀልቷል?»

«ትንሽ።»

«ልጆቹ ‹በፍቅር እያለቀሰች ነው› ይሉኛል። ለማን ብዬ? ያን ክፍል ገብተሽ ብታዪው፣ ከፎርማኑ በቀር የሚታይ ወንድ የለም፤ እሱም ሲስቅ ጥርሱ የሚቀድመው ነው።»

ሙጫው ቶሎ እንዲደርቅ አዲስ ማቅጠኛ አምጥተዋል። ስሙን የሚያውቅ የለም። ሽታው እንደበሰለ ሙዝ ስለሆነ «ሙዟ» ብለውታል። «ሙዟን አቀብዪኝ፣ ሙዟ አለቀች» እያሉ ሲሣሣቁ ይውላሉ አለች።

ጃኬቷን ሰገነት ላይ ሰቀልኩት። ቤቱን ይይዘዋል ሽታው።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ሙከራው ዛሬ ሆነ። ፓምፑ አልነሣ ብሎ ጠዋት ተረበሽን። አይጦቹን በችኮላ ከተትን። ስድስቱም ቱቦ ገቡ። ባለ ሁለት መስመሯ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እንደለመደችው አደረግሁላት።

ሹክሹክታ የፈሳሹን ጠርሙስ ሲያገናኝ ትንሽ ሸተተ። አየር ሳቢው ወዲያው ወሰደው። የበሰለ ሙዝ፣ ከሥሩ ደግሞ የተለበለበ ፀጉር። ሙዝ የሚሸት ነገር ብዙ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይሸታል።

ስናወጣቸው ባለ ሁለት መስመሯ ዞራ ነበር። ጅራቷ በዓምዱ በኩል፣ አፍንጫዋ በእኔ በኩል። ዶክተሯ ጀርባዋን ሰጥታ ከመሣሪያው ላይ ቁጥር ታነባለች። ሹክሹክታ ከፓምፑ ጋር ይጨቃጨቃል። አወጣኋትና ቤቷ መለስኳት።

መጨረሻ ላይ ይሆናል የዞረችው።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ሁለት ሞተዋል፤ ባለ አንድ መስመሯና ከወንዶቹ አንዱ። ሦስቱ ጀርባቸውን አጉብጠው፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ አፍንጫቸው ዙሪያ ቀልቶ ተቀምጠዋል። በጎናቸው ነው የሚተነፍሱት፣ ጎድናቸው ገባ ወጣ እያለ። ባለ ሁለት መስመሯ ትበላለች።

ሻይ ሰዓት ላይ ሹክሹክታ፣ «ስንት ከሞተ ነው የሚከፋው?» ብሎ ዶክተሯን ጠየቃት። ከስድስቱ ሦስት ከሞቱ ፈሳሹ በሚላክበት በርሜል ላይ የራስ ቅል ምልክት ይለጠፋል አለች። ያን ጊዜ በዝግ ማሽን እንጂ በሰው እጅ አይረጭም። ሁለት ከሆኑ ግን ተራ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይበቃዋል፤ ጓንት ማድረግ፣ መስኮት መክፈት።

«እስካሁን ሁለት ናቸው» አለ።

«ገና ነው» አለች።

እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ብትዞርም ትነቱ በጎኗ ያልፋል። ያን ያህል አይለያይም ይሆናል። ወደ ዓምዱ ዞራም ቢሆን ላትሞት ትችል ነበር። ወንዶቹ ሁለቱ እኮ አልሞቱም።

የካቲት 17፣ እሑድ

ልብስ አጠብኩ። የታናሼን ጃኬት ነክሬ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሙዝ፣ ከሥሩም የተለበለበ ፀጉር።

ሁለቴ አጠብኩት። አልለቀቀም።

ጠዋት ትስላለች። ብርድ ነው።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ ማታ

ታናሼ ዛሬ ደረጃውን እየዘለለች ልትወጣ ጀምራ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቆመች። በር ከፍቼ እየጠበቅኋት ነበር። «ስልኬን እያየሁ ነው» አለች። ስልኳ እጇ ላይ አልነበረም።

ወሬ ይዛ ነው የመጣችው። ፎርማኑ ሰብስቦ አናግሯቸዋል። ሙዟ የሆነ ቦታ በእንስሳት እየተሞከረች ነው አለ። ውጤቱ ደህና ከመጣ ሁለተኛ አዳራሽ ይከፈታል፤ የፈረቃ አለቃዋም እሷ ትሆናለች። መጥፎ ከመጣ ግን ፋብሪካው ዝግ ማሽን መግዣ አቅም የለውም፣ ሙጫ ክፍሉ ይዘጋል።

«አለቃ ስሆን አንቺንም እቀጥርሻለሁ» አለች። «አይጥ ከማጠብ ፍራሽ ላይ መተኛት አይሻልሽም?»

«አይጥ አይታጠብም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያቸዋለሽ ቀኑን ሙሉ?»

«አያቸዋለሁ።»

«ብቻ?»

«እመዝናቸዋለሁ።»

ሣቀችና ሳል ያዛት። ውሃ ሰጠኋት። ያ የሆነ ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት። ፈርሜያለሁ። ደግሞስ ምን እነግራታለሁ? ሽታው ይመሳሰላል ብዬ?

ጭንብል አድርጊ ግን አልኳት። አንድ የወረቀት ጭንብል ለሳምንት ይሰጠናል፣ ከሰኞ አልፎ አያውቅም አለችኝ።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ሦስቱ እያገገሙ ነው፣ በዝግታ። ክብደታቸው ወርዶ ቆሟል። ባለ ሁለት መስመሯ ጨምራለች። ቤቷን ስከፍት እጄ ድረስ ትመጣለች።

ታናሼ ቀበቶዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስታለች።

የካቲት 24፣ እሑድ

ተጣላን። ሌላ ሥራ ብትፈልጊስ ብዬ ጀመርኩ። ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ለምን?»

«ሳሉ አልለቀቀሽም።»

«ብርድ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

«እትዬ፣ እኔ ከዚህ በፊት የት ነበርኩ? ሱቅ ጠርጌያለሁ፣ የሰው ልጅ ይዣለሁ። ‹አንቺ ልጅ› ነው የሚሉኝ። እዚህ ግን ማሽኑ ሲበላሽ እኔን ነው የሚጠሩት። አንድ ቦታ ሰው ሆንኩ፣ አንቺ ደግሞ ተይው ትዪኛለሽ።»

«ተይው አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ማንኪያውን አንሥቼ ወጡን አማሰልኩ። በልተን ተነሣን። ስታጥብ ጀርባዋን አጉብጣ ነበር። ሳላውቀው አፍጥጬባት ኖሯል። ዘወር አለችና፣ «ምን ታዪኛለሽ፣ ልትመዝኚኝ ነው?» አለች። ይህን ስትል እየሣቀች ነበር፤ ጸባችን በዚያው አለቀ።

ትነት ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ዶክተሯ ከጣለችው የመመሪያ ቅዳጅ ነው። እቃ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሁሉ እንደዚሁ ሳነብ ነው ያረጀሁት። ማንበብ ያስተምራል ይላሉ። መናገርን ግን አላስተማረኝም።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። የቀሩት አራቱ እንዲያንቀላፉ ተደረገ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ የተረፈም አይተርፍም። ይህን ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ። አውቄም ነው ያላላሁት።

ሲከፈቱ ከዶክተሯ ጎን ቆሜ ሰሃን አቀብላለሁ። የሦስቱ ሳንባ ከባድ ነው፣ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለው። የባለ ሁለት መስመሯ ሮዝ ነው፣ ንጹህ። ዶክተሯ ሳንባውን መብራቱ ሥር አገላበጠችው።

«ይቺ ደግሞ ምንም አልነካት። ይገርማል። ያን ቀን ስትወጣ የተለየ ነገር አስተውለዋል?»

«ምንም።»

ፈጣን ነበር መልሴ። ሰሃኑን ተቀብላኝ ወደሚቀጥለው ሄደች። ሪፖርቱ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ይላካል አለች።

መጨረሻ ላይ ነው የዞረችው ብዬ ከእንግዲህ መጻፍ አልችልም። ሳንባዋን አይቻለሁ።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

ምንም አልተፈጠረም። ዝናብ ነበር።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ታናሼ እየሣቀች ነገረችኝ፤ አጠገቧ የምትሠራዋ ልጅ ዛሬ ሙጫ እየረጨች እያለ ፍራሹ ላይ ወደቀች። «አወዳደቋን ብታዪ፣ ለማስታወቂያ የምትነሣ ነው የምትመስለው።» አውጥተው ደጅ አስቀመጧት። ፎርማኑ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው አለ።

«በልታ ነበር?»

«አብረን ነው የበላነው» አለች። ሣቋ ጠፋ።

ሁለት ትራስ ደርባ ተኛች። አንዱ የኔ ነው። ቀና ስል ይመቸኛል አለች። ብዙ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚተኛው። መብራት አጥፍቼ ስሰማት ቆየሁ። በጎኗ ነው የምትተነፍሰው።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ነገርኳት። ለዶክተሯ። ቢሮዋ። ቆሜ።

ማታ

በሩን አንኳኩቼ ስገባ ሪፖርቱን እየጻፈች ነበር። «ባለ ሁለት መስመሯ በቱቦው ውስጥ ዞራ ነበር» አልኳት። ምን እንዳልኩ ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«መቼ?»

«መቼ እንደዞረች አላውቅም። ሳወጣት ዞራ ነበር።»

«ማቆሚያው?»

«ላልቶ ነበር።»

«ማን ነው ያላላው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ትንቀጠቀጥ ነበር።»

«ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ።»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀል ነበር። መስኮቱን አየት አድርጋ፣ «ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ አንዷን ብቻ ከቁጥር እናወጣት ነበር» አለች። «ጠይቄዎትም ነበር። አሁን ከሥር መጀመር ነው፤ ሌሎች ስድስት።»

ይህን ስትል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስታፕለር አየሁ። ስድስት አዲስ አይጦች፣ እኔ ያመጣሁባቸው። አንዷን አዝኜላት።

«ዛሬ ለምን መጡ?» አለችኝ።

ስለ ታናሼ ልነግራት ነበር። «ሪፖርቱ ሳይሄድ ብዬ ነው» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም።

ከነገ ጀምሮ እጥበት ክፍል ነኝ። የአይጦቹን ቤት አጥባለሁ፣ አይጦቹን አልነካም። ተገቢ ነው። ቤት ስገባ ታናሼ ምን ሆነሻል አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

እጥበት ክፍል ሞቃት ነው፣ እንፋሎቱ መነጽሬን ይሸፍነዋል። ሰው አይመጣም። አዲሶቹን የሚያለማምደው ሌላ ሰው ነው። እጁ ጠንካራ ነው ይላሉ።

ታናሼ ፎርማኑን ለምና ወደ መጋዘን በኩል እንድትዛወር ነገርኳት። «አለቃ ልሆን ስል?» አለችኝ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ሙከራው ትናንት ተደገመ። ማንም መጥቶ አልነገረኝም፤ ሹክሹክታ ኮሪደር ላይ ለጥበቃው «ምስጢር ነው» ብሎ ሲነግረው ከሳሙናው ገንዳ ድረስ ሰማሁት። ሌሊቱን አራት ሞተዋል።

አራት ቤት ባዶውን መጣልኝ። አጠብኩ።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ሙጫ ክፍሉ ተዘጋ።

ሚያዝያ 9፣ ማታ

ታናሼ የመጣችው ገና ቀን ነው። እቃዋን በፌስታል ይዛ፤ ኩባያ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ ነበር ፌስታሉ፣ እሷ ወንበር ላይ።

«ዘጉት» አለች።

«እንደሚዘጉት አውቄያለሁ» ልል ነበር። አፌን ያዝኩ።

«ፎርማኑ ምን አለ መሰለሽ? መጀመሪያ ደህና ወጥቶ ነበር አለ። ፋብሪካው ስልክ ተደውሎለት ነበር፣ ሁለተኛውን አዳራሽ ቀለም ሊቀቡ ነበር። ከዚያ ከሙከራው ቤት አንዱ ሥራ ፈት ተነሥቶ አይጧ ዞራለች ምናምን ብሎ አበላሸው። አይጥ ዞረች ተብሎ ሠላሳ ሰው ከሥራ ይወጣል? ይቺ ምን ዓይነት አይጥ ናት እትዬ? አንቺ አታውቂም እንደዚህ ያለ…»

እዚህ ላይ አቆመች። አየችኝ። እኔ ገና ጫማዬን አላወለቅሁም።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምንሽ?»

«የተናገርኩት እኔ ነኝ። አይጧ የዞረችውም በኔ ምክንያት ነው።»

ቀስ ብላ፣ «ሙዟ እናንተ ጋ እንደሆነች ታውቂ ነበር» አለች።

«ከሽታዋ ነው ያወቅሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከየካቲት።»

«የካቲት።» ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረችና ተወችው። «ከየካቲት ጀምሮ ስስል እየሰማሽ፣ ውሃ እያቀበልሽኝ፣ ብርድ ነው እያልሽኝ።»

የጠበቅኋት በሌላ በኩል ነበር። ሥራዬን ለምን አስዘጋሽ ትለኛለች ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት።

«ፈርሜ ነበር» አልኳት። ስናገረው ራሴን አስጠላኝ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ‹አትሂጂ፣ ይገድልሻል› አላልሽኝም።»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

«አልቀርም ነበር» አለች። «ግን ብለሽኝ ነበር የምሄደው።»

ፌስታሉን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለቱም ትራስ እሷ ጋ ነው። አልጠየቅኋትም።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

አታናግረኝም። ስገባ ትወጣለች። ሰሃኗን አጥባ ለብቻው ታስቀምጣለች።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

ዳቦ ቤት ሥራ አግኝታለች፣ በጎረቤት ሰማሁ። ከንጋት በፊት ነው የምትወጣው። በሩን ቀስ ብላ ትዘጋለች፤ እንዳልነቃ ይሁን እንዳላያት አላውቅም። ነቅቼ ነው የምቆየው።

እጥበት ክፍል ዛሬም ያው። ዶክተሯ በበሩ ስታልፍ ሰላም አለችኝ።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ

ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ አገኘኋት። ልትወጣ ጫማዋን አድርጋለች። ልመለስ ስል ወደ መደርደሪያው እያየች ተናገረች።

«እትዬ፣ ጨው አልቋል።»

«እሺ፣ ከሥራ ስመጣ እገዛለሁ።»

«ተይው። እኔ ይዤ እመጣለሁ።»

ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረችኝ ይህን ነው።

ቁርስ ልሠራ መደርደሪያውን ስከፍት ጨው አለ። ሙሉ ፓኬት፣ ያልተከፈተ፣ ከፊት ለፊት። ቸኩላ ስለነበር አላየችው ይሆናል።

ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ከዱቄቱ ጀርባ፣ እንዳይታይ።